ከበሮው ዝም ካለ

በሰኔ ወር በአንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልደታ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን ጨርሰው «ወደፊት!» የሚል መፈክር ሲያሰሙ፣ ፊት ለፊታቸው ተሰልፈው የቆሙት የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በአንድ ድምፅ «ወደኋላ!» ብለው መለሱ። አንድ እርምጃም ወደኋላ ሄዱ። ከዚያም ለራሳቸው አጨበጨቡ።

ዜናው ይኸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስጽፍ ኖሬ ይህንን ግን ጽፌው አላውቅም። ያኔ ጋዜጠኛ አልነበርኩም፤ ከልጆቹ ሁለት አስተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። ጋዜጠኛ የሆንኩትም በዚያ እሑድ ምክንያት አስተማሪነቱ ስለቀረብኝ ነው። አሁን እንድጽፈው ያደረገኝ ባለፈው ሐሙስ ልደታ ሄጄ የሰማሁት ነገር ነው። ወደ ሐሙሱ ከመድረሴ በፊት ግን ሰፈሩን፣ መዋዕለ ሕፃናቱንና ወይንሸትን ማስተዋወቅ አለብኝ።

ወይንሸትና እኔ ያደግነው ጌጃ ሰፈር፣ አጥር በሚጋሩ ሁለት ግቢዎች ውስጥ ነው። የአጥሩ ቆርቆሮ አንድ ቦታ ላይ ተገንጥሎ ስለነበር በበር ዞሮ መግባትን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። አባቷ ጋሽ ወልዴ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ጨው፣ ክብሪት፣ የፋኖስ መስተዋት፣ ከረሜላ በብልቃጥ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ሲመጣ የጋሽ ወልዴ መደርደሪያ እየሳሳ ሄደ፤ እሳቸው ግን ባዶውን መደርደሪያ በየጠዋቱ ይወለውሉት ነበር። «ዕቃ ባይኖር አቧራ ለምን ይኑር?» ይሉ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአንድ ዓመት ጨረስን፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሁለታችንም አላመጣንም። በሁለታችን መካከል አንድ ጥንድ ታኮ ጫማ ነበረን፤ ቡናማ፣ ከፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ እንጨት የሚመስል። አንድ ቅዳሜ እሷ፣ አንድ ቅዳሜ እኔ እንጫማዋለን። የእሷ እግር ትንሽ ስለሚያንስ በእሷ ቅዳሜ ጫፉ ውስጥ ጥጥ ይገባል፤ በእኔ ቅዳሜ ጥጡ ይወጣል። ጥጡን የምናስቀምጠው በአጥሩ ቀዳዳ ላይ ነበር።

ሰንጋ ተራ ጫፍ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ አዲስ የወጣውን ካሴት ሲያስጮኸው ውሎ ያመሻል። እኛ ቴፕ ስላልነበረን ማዶ ቆመን ነበር ዘፈን የምናጠናው። ፓስቲ በዐሥር ሳንቲም ገዝተን፣ ለሁለት ገምሰን፣ ዘይቱ በጋዜጣው ላይ ፊደሉን እስኪያወጣው ድረስ እንቆማለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የባንክ ሕንፃ ቆሟል፤ ከመስተዋቱ ሥር ቆሞ ዘፈን የሚያጠና ሰው አይታየኝም። ወይንሸት አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ከሰማች ይበቃታል። እኔ ግጥሙን እይዛለሁ፤ ዜማው ግን ከእኔ ጋር አያድርም። «አንቺ አስኩ፣ ስትዘፍኚ ሰው ሊያጽናናሽ ይመጣል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈልነው፤ ቃል የእኔ፣ ድምፅ የእሷ፣ ከበሮ ደግሞ የእኔ፤ እጄ ምት ስለማይስት።

ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት ሁለታችንንም ረዳት መምህራን አድርጎ መደበን። ቤቱ የተወረሰ ቪላ ነበር፤ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ላይ የተነቀሉ ስዕሎች አራት ማዕዘን ጥላቸውን ትተው የሄዱበት። የድሮው ባለቤት የት እንዳሉ አይጠየቅም ነበር። እናቶች ወደ ሕብረት ሥራ ስፌቱ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ወረፋው ሲሄዱ ልጆቻቸውን በሁለት ሰዓት ያስረክቡናል። የሙስሊሙ ነጋዴ ልጅ፣ የልደታ ማርያም ደጅ ጧፍ የምትሸጥ እናት ልጅ፣ የወታደር ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጨርቅ ሽርጥ። ግንቦት ልደታ ሲደርስ እናቶቹ በየደጁ ንፍሮ ሲቀቅሉ ልጆቹ በማግስቱ ኪሳቸው ሙሉ ስንዴና ሽንብራ ይዘውልን ይመጣሉ። የቀበሌው ካድሬ ግን ንፍሮ አያይም፤ ወይም እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር።

ከላይ የመጣው መመሪያ ልጆቹ ፊደል፣ ቁጥርና መፈክር ይማሩ ይል ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ግን ቁጭ ብሎ አይማርም፤ ይሄንን የሚያውቀው የአራት ዓመት ልጅ ያለው ነው። ልጆቹ «በጠረጴዛው ላይ» ስንላቸው ከጠረጴዛው ሥር ይገባሉ፤ «ቀስ» ስንላቸው ይሮጣሉ። አንድ ቀን ወይንሸት «ለምን በተቃራኒው አንጫወትባቸውም?» አለች። ተቃራኒ የሚለው ቃል መጀመሪያ የወጣው ከእሷ አፍ ነው። ወይንሸት «ላይ» ስትል ልጆቹ «ታች» ብለው ይቀመጣሉ፤ «ግባ» ስትል «ውጣ» ብለው ከክቡ ይወጣሉ፤ «ጮክ» ስትል በሹክሹክታ «ዝግ» ይላሉ፤ «ክፈት» ስትል ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በሳምንት ውስጥ ያንን የጣውላ ወለል በእግራቸው ከበሮ አደረጉት። በሰውነቱ የተማረውን ልጅ አይረሳም። «ትንሽ» ሲባል ክንዱን ዘርግቶ «ትልቅ» የሚለው የወታደሩ ልጅ ከዚያ በፊት አንድ ቃል ሲናገር ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ቃል ሁሉ ጌታ ነበረው፤ ስለዚህ ቃል እንመርጣለን። ግራና ቀኝን መጀመሪያውኑ ተውነው።

«ቀኝ ያለ ልጅ ቀኝ መንገደኛ ይባላል» አለች ወይንሸት እየሳቀች።

«ግራ ያለውስ?»

«እሱ ሊቀመንበር ይሆናል።»

ስለ «ወደፊት» ግን ተከራክረናል። ክርክሩን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ በመስኮቱ አጠገብ የልጆቹን የታጠበ ሽርጥ እያሰጣን ነበር። እኔ «ወደፊት መፈክር ነው፤ እንተወው» አልኳት። እሷ ደግሞ «ልጅ ሳይራመድ ምን ጨዋታ አለ? በጣም የሚወዱት እርምጃውን ነው» አለች። እኔ አሁንም «ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መፈክር ሰምተው ቢመልሱስ?» አልኩ። ትንሽ አሰበችና ልብሱን ገመዱ ላይ ትታ ዞረችልኝ። «እንግዲያው ያለ ከበሮ እንዳይመልሱ እናድርጋቸው» አለች። ከበሮው ሁለት ጊዜ «ዱም ዱም» ካላለ ማንም አፉን አይከፍትም፤ የከፈተ ከጨዋታው ወጥቶ ጥግ ይቆማል። ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በዘፈኑ ውስጥ አስገባችው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች የእኔ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የእሷ፤

እኔ ላይ ስወጣ፣ አንተ ታች ውረድ፣
እኔ ስመጣ፣ አንተ ደግሞ ሂድ፣
ዱም ዱም ሲል ከበሮው፣ መልሱን ወዲህ በል፣
ከበሮው ዝም ካለ፣ አፍህም ዝም ይበል።

ሕጉ ሠራ። ልንፈትናቸው ብለን ከበሮ ሳንመታ «ላይ!» እንላቸዋለን፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ሳቃቸውን አፍነው ይቆማሉ። የበር ዘበኛው ሳይቀር ሊፈትናቸው ሞክሮ አልተሳካለትም። መንገድ ላይ የወጣቶች ሰልፍ «ወደፊት!» እያለ ሲያልፍ ልጆቹ በአጥሩ ሥር ሆነው ዝም ብለው እያዩ ነበር የሚያሳልፉት። ያኔ ስጋቴ ለቀቀኝ።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ አንድ ወሬ መጣ። ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ቡልጋሪያ ውስጥ የሚያስተምር የነጻ ትምህርት ዕድል ተገኝቷል፤ ከእኛ ቀበሌ አንድ ሰው ይላካል፤ የሚያስፈልገው የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አንድ ሰው። ወሬውን የነገረችኝ ወይንሸት ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል፣ ጥጡን በእጇ ይዛ።

«አንቺ ብትሄጂ ጫማ ትልኪልኛለሽ» አለችኝ።

«አንቺ ብትሄጂስ?»

«እኔም እልክልሻለሁ፤ በየቅዳሜው መቀያየር ይቀራል።»

ሳቅን። ስለዚያ ዕድል ሁለተኛ አላወራንም። ደብዳቤው ከክረምቱ በፊት ይወሰናል ተባለ፤ ከዚያ በፊት የወላጆች ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ልጆቹ የተማሩትን ለሊቀመንበሩና ለካድሬው ያሳያሉ።

እሑድ ጠዋት ከባድ ዝናብ ጣለ። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አግዳሚዎቹ የሚያነክሱ ነበሩ። እናቶች ነጠላቸውን ከላይ ደርበው፣ አባቶች ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የታኮው ተራ የእኔ ነበር፤ ተጫምቼው ነበር። ወይንሸት ደግሞ እጅጌው ነፋ ያለ ሸሚዝና ከታች ሰፋ የሚል ሱሪ አድርጋለች፤ ቤል ቦተም እንለው ነበር፤ ዛሬ የወጣት ልጆቼ ጓደኞች አዲስ ፋሽን ብለው ሲለብሱት አያለሁ። ከመጀመራችን በፊት ጉሮሮዋን ይዛ መጣች።

«አስኩ፣ ድምፄ ተዘግቷል። ዛሬ አንቺ ቃሉን በይ፤ ከበሮውን እኔ ልያዝ።»

ከበሮውን ሰጠኋት። ከቀበሌው የኪነት ቡድን የተዋስነው ትንሽ ከበሮ ነው፤ አንደኛው ፊቱ በሌላ ቆዳ የተጠገነ። ልጆቹ በደንብ ሠሩ። «ላይ» ስል ታች፣ «ግባ» ስል ውጣ። «ወደፊት»ን ከዝርዝሩ አውጥቼው ነበር፤ ለወይንሸትም ነግሬያታለሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳቁ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከዚያ ለንግግር ተነሡ። ንግግሩ ሲረዝም ሙሉ የምትባል ልጅ ቀሚሴን ሳበችና «እትዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለችኝ። ይዣት በኋላ በር ወጣሁ። በጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመን እሷ ስትጨርስ እየጠበቅኩ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ከውስጥ የሚሰማኝ የማይክ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ድንገት ግን የልጆቹ ድምፅ ከዝናቡ በላይ ተሰማ። «ወደኋላ!» ከዚያ ጭብጨባ፤ ትንንሽ እጆች። ከዚያ አንድ ወንድ ሳቀ፤ ወዲያው አቆመ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዝናቡን ብቻ ነው። ሙሉ ቀና ብላ አየችኝና «እኛ ሳንኖር ተጫወቱ» አለችኝ፤ ተቀይማ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ጥያቄውን ያቀረበው ካድሬው ነው፤ ከእኔ የማይበልጥ ልጅ፣ ካኪው ላይ እርሳስ የሰካ።

«ጓድ አስካለ፣ ምንድን ነው የምታስተምሪው?»

«ተቃራኒ።»

«የምን ተቃራኒ?»

«የቃላት። ላይና ታች፣ ግባና ውጣ።»

«ወደፊትስ?»

«ወደኋላ።»

ጻፈ። «ስለዚህ የወደፊትን ተቃራኒ አስተምረሻል።»

«ጨዋታ ነው።»

«ተቃራኒ ማለት በሌላ ቃል ምን ማለት ነው?»

 የሚፈልገውን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔ ግን አልሰጠውም። ሊቀመንበሩ ግን አስተማሪ ፊት እንደተነሣ ተማሪ፣ መልሱን በማወቃቸው ደስ እያላቸው «ፀረ ነው» አሉ። የተናገሩት ምን እንደሚያመጣ የገባቸው ካድሬው ሲጽፈው ነው። «የጻፍከው… ልጅቱ እኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ፀረ ከሚለው ቃል በኋላ በዚያ ዘመን የሚከተለው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ የእህል ማከማቻ በነበረ ክፍል ውስጥ አሰሩኝ። እናቴ ምግብ ታመጣልኛለች። በመጀመሪያው ቀን ወይንሸትም መጣች፤ ከሰንጋ ተራ ፓስቲ ገዝታ፣ ጋዜጣው ሞቆ። በበሩ ስንጥቅ በኩል አቀበለችኝ።

«አይዞሽ። ነገ ኮሚቴው ይሰማል። የሁለታችንም ነው እላቸዋለሁ፤ ሕጉንም እነግራቸዋለሁ፤ ያለ ከበሮ እንደማይመልሱ።»

«ታዲያ ለምን መለሱ?»

«ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መተው ይሆናል፤ ሲናገሩ መምታት ይወዳሉ። ልጆቹ ከበሮ መስሏቸው ነው።»

ይኸ መልስ በቂ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲናገሩ ጠረጴዛ እንደሚመቱ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ጊዜ መቱ፤ ዱም ዱም፤ ልጆቹ መለሱ። ማንም ያላጠፋው ጥፋት ሆነ፤ በዚያም ተጽናናሁ። ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት፣ ስለዚያ እሑድ ባሰብኩ ቁጥር የማየው የሊቀመንበሩን የጠጋኝ ጡጫ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ወይንሸት ቆመች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። «እኔ ዜማውን ነው የማውቀው» አለች። «ቃሉን የምታወጣው አስካለ ናት። ወደፊት የሚለውን ተይው ብያት ነበር፤ እምቢ አለች።» ስለ ከበሮው ሕግ አልተናገረችም። ዐይኗ መስኮቱ ላይ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየው የቀበሌው ሱቅ ወረፋ ነው። የእኔን ቃል ለእሷ፣ የእሷን ለእኔ አድርጋ ገለበጠችው። ካድሬው «ትክክል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወይንሸትን አየኋት። አጥሩ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ጥጡ፣ ግማሽ ፓስቲው በዐይኔ ላይ ሄዱ። «አይደለም» አልኩ። አንድ ሰው አይደለም ሲል ሌላው ነው ካለ፣ ያን ጊዜ የሚታመነው ቀድሞ የተናገረው ነው።

የዳንኩት በወላጆቹ ነው። ጧፍ ሻጯ፣ ወታደሩ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ አብረው መጥተው ሊቀመንበሩን አነጋገሩ፤ ሊቀመንበሩም ያንን «ፀረ» የሚል ቃል ሊያስረሱ የፈለጉ መሰለኝ፤ «ልጅነት ነው» ብለው ለቀቁኝ። ከሥራዬ ግን ተሰናበትኩ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚባል ነገርም ለእኔ አልተጻፈም። ክረምቱ ሲወጣ ወይንሸት ወደ ቡልጋሪያ ሄደች። ልትሰናበተኝ መጥታ እናቴ በሩ ላይ «የለችም» አለቻት፤ እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። በዓመቱ ከሶፊያ አንድ ጥቅል መጣልኝ። ጥቁር፣ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ጫማ። በልኬ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ሙሽራ ሰጠችው። እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ሆኜ ገብቼ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጋዜጣ፤ ከዚያም የሚታወቀው ሕይወቴ። አለቃዬ የነበሩት ሰው «አንቺ ያልተጣራ ነገር አትወጂም» ይሉኝ ነበር። ከየት እንደመጣብኝ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የታመመች የድሮ ጎረቤት ልጠይቅ ልደታ ሄድኩ። ያ ሰፈር የለም። ጌጃ ሰፈር የተረፈው ጫፍ ጫፉ ነው፤ የእኛ አጥር የነበረበት ቦታ ላይ የኮንዶሚኒየሙ የልብስ ማስጫ ቆሟል ብለውኛል፤ እኔ ልለየው አልቻልኩም። ልደታ ማርያም ብቻ በቦታዋ አለች፤ ደጇ ላይ ዛሬም ጧፍ ይሸጣል። በሕንፃዎቹ መካከል ሳልፍ ከአንድ ምድር ቤት መስኮት የልጆች ድምፅ ሰማሁ፤

ከበሮው ዝም ካለ፣ አፍህም ዝም ይበል።

ቆምኩ። በሩ ላይ በቀለም የተጻፈ የመዋዕለ ሕፃናት ስም፣ ዝሆንና ቀጭኔ። ከውስጥ ሻርፕ ያሰረች፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ወጣችና ትንሽ አየችኝ።

«እትዬ አስካለ አይደሉም?»

«ነኝ። አንቺስ?»

«ከድጃ ነኛ! የነጋዴው ልጅ። አጭሯ።» ተንጠራርታ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። «አሁንም አጭር ነኝ፤ ይስቁብኝ።»

ትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ የልጆች ወንበር፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ የሚደርስ። ዘፈኑን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። «ከእናንተ ነዋ! ኋላም ለመምህርነት ስሠለጥን ያሠለጠነችን ቲቸር ወይንሸት ነበረች፤ ያንኑ አስተማረችን። ጡረታ ወጣች፤ ግን እየደወልኩ እጠይቃታለሁ።» ከዚያ እየሳቀች «ያን ጊዜ በእሑዱ ጉድ ሠራንዎት እኮ። እኔ ለማሠለጥናቸው መምህራን ሁሌ እነግራቸዋለሁ፤ ቲቸር ወይንሸት ተሳስታ ከበሮ መታችና ቀበሌውን አስደነገጥነው እያልኩ» አለች።

ያቀረበችልኝን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። «ማን መታ?»

«ቲቸር ወይንሸት። ዱም ዱም። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ከበሮው ጆሮዬ ሥር ነበር።»

«ሊቀመንበሩ አይደሉም? ጠረጴዛ?»

«በምናቸው ይመታሉ እትዬ?» አለችና ተነሥታ አሳየችኝ። ቀኝ እጇን እንደ ማይክ ወደ አፏ፣ ግራ እጇን በጡጫ ወደ ላይ። «መፈክር ሲያሰሙ እንዲህ አይደል? ሦስተኛ እጅ አልነበራቸውም።»

እውነት ነው። መፈክር የሚያሰማ ሰው ሁሉ ግራ እጁን በጡጫ ያነሣ ነበር፤ አዳራሹም ማይክ ነበረው፤ የጉርምርምታው ድምፅ ከውጭ ይሰማኝ ነበርና። ይህንን እያወቅኩ አንድም ቀን አንድ ላይ አስቤው አላውቅም። ምስክር ግን መፈተን አለበት፤ በተለይ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ምስክር። የዚያን ቀን ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቅኳት። «ቢጫ ቀሚስና ሸራ ጫማ። የአንዱ ክር ጠፍቶ እርስዎ በነጭ ድውር አሰሩልኝ» አለች። ትክክል ነው፤ ድውሩን ከእናቴ የስፌት ሳጥን ነበር ያወጣሁት። እኔ የት እንደነበርኩስ? «ሙሉን ሊያሸኑ ወጥተው ነበር። ሙሉ በዚያ እንደተቀየመች ቀረች» አለች፤ አሁን ሳቋ ጠፍቶ ነበር፤ ከጥያቄዬ የሆነ ነገር እንደገባት ገባኝ። «እትዬ፣ ተሳስታ ነው አይደል?»

«አላውቅም» አልኳት። አላውቅም ነበር። ስልክ ቁጥሩን ለመንኳት።

ቤቴ ገብቼ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ።

«ማን ልበል?»

«አስካለ ነኝ።»

«አስካለ… አስኩ? የልደታዋ?» ድምፅዋ ወፍሯል፤ ግን እሷ ናት። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ስኳር አለባት፤ እኔ ደም ግፊት አለብኝ። እናቴ ማረፏን ሰምታ ነበር፤ አባቷ ጋሽ ወልዴም ካረፉ ቆይተዋል።

«አንድ ነገር ላጣራ ነው የደወልኩት።»

«አሁንም ጋዜጠኛ ነሽ?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«አንቺ ጡረታ አትወጪም» አለች። ሳቅ ቢጤ ነበረበት፤ እስከዚያ ድረስ።

«የዚያን እሑድ ከበሮው ማን ጋ ነበር?»

«የቱ እሑድ?» አለች። መልሼ አልነገርኳትም፤ ጠበቅኩ። «እኔ ጋ» አለች።

«ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መተው ነበር?»

«አስኩ፣ ስንት ዘመን አለፈው! ልጆች ናቸው፤ ልጅ ይሳሳታል።»

«መተው ነበር?»

«አልመቱም።»

ከበስተጀርባዋ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው «እማዬ፣ ማነው?» ብሎ ጠየቃት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው።

«ያለ ከበሮ ይመልሱ ነበር?»

«አይመልሱም ነበር» አለች።